ለሦስት ዓመት ውል የመጡት

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የነርስነት ሙያ የተማሩት በስደት ዘመን፣ እንግሊዝ አገር ነው። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የሰው ልጆች ያስታምሙ ነበር። አገር ነፃ ስትወጣ ተመለሱ፤ ትዳር ያዙ፤ ባለቤታቸው ወደተሾሙበት ወደ ወለጋ ሄዱ። ከሠርጋቸው ብዙም ሳይቆይ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። የቤተ መንግሥት ልጅን ያልማረ እርግዝና የገበሬን ሚስት ምን ያደርጋት እንደነበር መገመት አይከብድም።

ለልዕልቲቱ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ እንዲሠራ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክኸርስት እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ቆዩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆስፒታል መክፈት አንድ ነገር ነው፤ በሙያው የሰለጠነ አዋላጅ ማግኘት ሌላ ነው። የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማህፀንና ፅንስ ሐኪም እንደሚፈለግ «ላንሴት» በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ይህን ማስታወቂያ አውስትራሊያ ውስጥ ያነበቡት ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን ናቸው።

ዶክተር ሬጂናልድ የኒውዚላንድ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ከባለቤታቸው በብዙ ዓመት ይበልጣሉ። ሲድኒ በሚገኘው የክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል ኃላፊ ሳሉ፣ ነፍሰ ጡሮችን በደም ግፊትና በመንቀጥቀጥ የሚገድለውን ኤክላምፕሲያ አስቀድሞ መከላከል እንደሚቻል በሥራ አሳይተው በዚያው በላንሴት ጽፈዋል። ዶክተር ካትሪን በ1924 ሲድኒ ውስጥ ተወልደው፣ በ1946 ከሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው፣ እዚያው ክራውን ስትሪት ሲሠሩ ተገናኙ። በ1950 ተጋቡ፤ ሪቻርድ የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ። ሁለቱም የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ። ሐኪም በማይገኝበት አገር ሄደው ለማገልገል ያስቡ ነበር። ሆኖም ሚሲዮን አልላካቸውም። የመጡት ከመንግሥት ጋር ተዋውለው፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው፣ እንደማንኛውም የውጭ ባለሙያ ነው። ውሉ የሦስት ዓመት ነበር።

በግንቦት 1959 የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በመጡበት ሰሞን አንድ የማህፀን ሐኪም «የፊስቱላ ሕመምተኞች ልባችሁን ይሰብሩታል» የሚል ማስጠንቀቂያ ነገራቸው። ሁለቱም ፊስቱላ የሚባለውን ጉዳት በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። የእነሱ አገር መጻሕፍት ያለፈ ዘመን ታሪክ አድርገውት ነበርና።

ምን እንደሆነ በግልጽ ልናገር፤ ዛሬም ብዙ ሰው ሊያነሳው ያፍራል። ምጥ የያዛት ሴት ዳሌዋ ጠባብ ከሆነ ወይም ሕፃኑ አመጣጡ ከተዛባ ልጁ ሊያልፍ አይችልም። ሐኪም ካለ በቀዶ ሕክምና ያወጣዋል። ከሌለ ምጡ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ከዚያም በላይ ይዘልቃል። የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም የማይደርሰው ገላ ይሞታል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሞቶ ይወለዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ የሞተው ገላ ሲረግፍ በፊኛዋና በብልቷ መካከል ቀዳዳ ይቀራል፤ አንዳንዴ የሰገራ መውጫውም ይቀደዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንቷ ቀንም ሌሊትም ያለ ፈቃዷ ይፈስሳል።

በአገራችን ሴት ስታምጥ ማርያም ማርያም ይባላል፤ ስትገላገል ጎረቤት ገንፎ ይዞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ይመጣል። ለዚህች ሴት ግን ደጁ ጭር ይላል። የምታቅፈው ልጅ የለም፤ ሽታው ሰው ያርቃል። ባል ብዙውን ጊዜ ይፈታታል፤ ዘመድ ከቤቱ ጓሮ ለብቻዋ ጎጆ ይቀልስላታል። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ፣ ገበያ ለመውጣት፣ ከሰው ማኅበር ለመቀመጥ ታፍራለች። መድኃኒት እንዳለው የሰማች እንደሆነ ደግሞ ቀናት በእግር ተጉዛ፣ በመኪና ስትሳፈር ተሳፋሪው ተነጫንጮባት፣ አዲስ አበባ ትደርሳለች። ብዙዎቹ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ።

ሐምሊኖች በመጀመሪያው ዓመት 30 ሴቶችን አከሙ። ቀዶ ሕክምናውን ያስተማራቸው መምህር አልነበረም፤ ቀድሞ የተጻፈውን እያነበቡ፣ ሥዕሉን እየተመለከቱ ነው የተማሩት። ካነበቧቸው አንዱ የካይሮው ዶክተር ናጊብ ማህፉዝ ፓሻ ናቸው። እኚህ ግብፃዊ የኮፕት ክርስቲያን በ1911 በአስቸጋሪ ምጥ ያዋለዱት ሕፃን ስማቸው ወጥቶለት አድጎ በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ ሆኗል። ከማህፉዝ በፊት ደግሞ አሜሪካዊው ማሪየን ሲምስ አለ። በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ ዘዴውን ያገኘው አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ የተባሉትን ጨምሮ ባሪያ የነበሩ ጥቁር ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ እየቀደደ ነው። የሐምሊኖችን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። መዘለል ያለበት አይመስለኝም፤ የኢትዮጵያ እናቶች የዳኑበት ጥበብ በሌሎች እናቶች ሥቃይ የተገኘ መሆኑ መታወቅ አለበት።

የመጡበት ዋና ጉዳይስ? የአዋላጆች ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ነበር። አሥር አዋላጆች እንደተመረቁ መንግሥት ገንዘብ የለኝም ብሎ ዘጋው። ሦስቱ ዓመትም አለቀ። በውላቸው መሠረት ሻንጣቸውን ይዘው ቢሄዱ የሚወቅሳቸው አልነበረም፤ የተጠሩበት ሥራ በእጃቸው ላይ ሞቷል። ግን በር ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። በእኔ አስተያየት የእነዚህ ሰዎች እምነት ከየትኛውም ጸሎታቸው ይልቅ የታየው እዚህ ላይ ነው። ሊሠሩት ያቀዱት ነገር ሲፈርስ «እግዚአብሔር ዘጋው» ብለው አልተመለሱም፤ ያላቀዱት ሥራ ደጃቸው ላይ ተቀምጦ ነበርና እሱን ያዙ።

ካገኟቸው ሴቶች አንዷ በ1962 የመጣችው ማሚቱ ጋሼ ናት። ዕድሜዋ 16 ነበር። በገጠር መንደሯ ለቀናት አምጣ ልጇን ያጣች፣ ክፉኛ የተጎዳች ልጅ ነበረች። ሐምሊኖች ደጋግመው ቀዶ ሕክምና አደረጉላት፤ ጉዳቱ ግን በአንድ ጊዜ የሚድን ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ እዚያው ቀረች። አልጋ ታነጥፋለች፤ አዲስ የመጡትን ታጥባለች፤ «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» ትላቸዋለች። ቀስ በቀስ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል ጀመረች። ዶክተር ሬጂናልድ እጇ የረጋ፣ ዓይኗ የማይስት መሆኑን አዩ። እጇን በእጃቸው ይዘው መስፋት አስተማሯት።

ማሚቱ ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። የሰውነትን አሠራር ያወቀችው በመጽሐፍ ሳይሆን በማየትና በመዳሰስ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ራሷን ችላ ቀዶ ሕክምና የምትሠራ ሆነች፤ ከሌላ አገር በዲግሪ ላይ ዲግሪ ጭነው የሚመጡ ሐኪሞች ከጎኗ ቆመው ይማሩ ጀመር። ወይዘሮ ማሚቱ ፊደል የቆጠሩት ከዚያ በኋላ፣ የማታ ትምህርት ገብተው ነው። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሁለቱ ሐምሊኖችና ለወይዘሮ ማሚቱ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ። በ2018 ቢቢሲ ወይዘሮ ማሚቱን በዓመቱ ከመረጣቸው 100 ሴቶች ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ብዙ በጎ አድራጊዎች ድኻን ያበላሉ፣ ያለብሳሉ፤ የራሳቸውን ሙያና ሥልጣን ግን አይሰጡትም። ቢላዋውን ራሱ ለሕመምተኛዋ ያስረከበ ሐኪም ስንት አለ? ሆስፒታሉ ውስጥ ሕመምተኛ ሆነው ገብተው የነርስ ረዳት የሆኑ ሴቶችም ብዙ ናቸው፤ ዋርዱን የያዙት እነሱ ነበሩ ማለት ይቻላል። አዲስ ገቢዋን ልጅ ከማንም በላይ የሚያባብላት የእነሱ ድምፅ ነው።

ሕመምተኛው በየዓመቱ ይበዛ ነበር። የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አልጋ ለወላድም፣ ለሌላውም ሕመምተኛ ያስፈልጋል። ሐምሊኖች መጀመሪያ በግቢው ውስጥ ተራ ለሚጠብቁ ሴቶች ማረፊያ ሠሩ፤ ያም ሞላ። ለፊስቱላ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል እንዲኖር ቆረጡ። ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። በጸሎት ያምኑ ነበር፤ ከጸሎት በኋላ ደግሞ ቁጭ ብለው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ለወዳጅ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ይጽፋሉ፤ ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ እየሄዱም ስለ እነዚህ ሴቶች ይናገራሉ። በእግዚአብሔር መታመን ሰው መለመንን የሚከለክል አልመሰላቸውም። የሰጧቸው ብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ ተራ ሰዎች ነበሩ።

አዲሱ ሆስፒታል ከወንዝ ዳር በተገኘ ቦታ ላይ ተሠራ። ሥራውን የጀመረበት ጊዜ 1974 ነው፤ በእኛ የየካቲት 66 አብዮት የፈነዳበት። ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ስልሳ ሰዎች በአንድ ሌሊት ተረሸኑ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀይ ሽብር መጣ። ብዙ የውጭ ሰዎች አገሩን ለቀው ሄዱ። ደርግ ሃይማኖትን በበጎ ዓይን አያይም፤ ምዕራባዊ ዜጋም ይጠረጠራል። ሐምሊኖች አልሄዱም። ከተማው በሰዓት እላፊ ሲቆለፍ፣ የገጠር ሴቶች ኬላውን ሁሉ አልፈው ይመጡ ነበር፤ ሆስፒታሉም ይቀበላቸው ነበር። ክርስቲያንም ሙስሊምም ብትሆን፣ ከየትኛውም ብሔር ብትመጣ፣ ሕክምናው በነፃ ነው። ድና ስትወጣ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል። ቀሚሱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለዓመታት ደረቅ ልብስ ለብሳ ለማታውቅ ሴት ግን ከየትኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

የ1984ቱን ረሃብ፣ የጦርነቱን ዓመታት፣ የ1991ዱን የመንግሥት ለውጥ በዚያው ግቢ አሳለፉ። በኦገስት 1993 ዶክተር ሬጂናልድ አረፉ።

ዶክተር ካትሪን በዚያ ጊዜ 69 ዓመታቸው ነበር። ልጃቸውም ዘመዶቻቸውም ውጭ አገር ነበሩ። ሁሉን ትተው ለመሄድ አስበው እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። በዚያ ኀዘን ውስጥ ሳሉ ከቤታቸው ሠራተኞች አንዱ ቀርቦ እንዳይሄዱ ለመናቸው፤ ሁላችንም እናግዝዎታለን አላቸው። ሰው ሲያገለግሉ የኖሩት ሴት ያን ቀን የተደገፉት በሚያገለግላቸው ሰው ነበር። ቀሩ፤ ደግሞም 26 ዓመት ኖሩ።

ሥራው የሰፋው ከዚህ በኋላ መሆኑ ይገርማል። በ2001 የሕይወት ታሪካቸውን የያዘ መጽሐፍ ታተመ። በ2004 በኦፕራ ዊንፍሬይ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረቡ፤ ዘጠና ዓመት ቢሮጡ የማይደርሱበት ሕዝብ በአንድ ቀን ሰማቸው፤ ገንዘብ መጣ። ከ2005 ጀምሮ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ላይ የክልል ሆስፒታሎች ተከፈቱ። አንዲት የኢሉባቦር ሴት ሽንቷ እየፈሰሰ አዲስ አበባ ድረስ የምትመጣበት ግዴታ ቀረላት።

ሽልማቱም ተከታተለ። የአውስትራሊያን ከፍተኛ ኒሻን በ1995፣ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በ2009፣ የኢትዮጵያን የክብር ዜግነት በ2012 አገኙ። ስለ ሽልማት ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ሌላው ሥራቸው ግን ሊወራ ይገባዋል። ከአሥር ሴቶች ዘጠኙ የሚድኑበት ሆስፒታል ስለ አሥረኛዋ አያወራም፤ ቁጥሩን ያበላሽበታል። እሳቸው በ2002 ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደርን የከፈቱት ሙሉ በሙሉ ላልዳኑት ነው። ቤት ነበራቸው፤ ሙያ ይማሩ ነበር፤ አትክልት ያለሙ ነበር፤ ሠርተው ያድሩ ነበር። ያልተሳካ ሕክምናን በፊት ለፊት አምኖ፣ ለእሱም መንደር መሥራት ከባድ ትሕትና ይጠይቃል።

ከዚያ 2007 መጣ። ደስታ መንደር አጠገብ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች አራት ዓመት ተምረው፣ በዲግሪ ተመርቀው፣ ወደመጡበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ተመልሰው ያዋልዳሉ። ባልና ሚስቱ ማስታወቂያ አንብበው የመጡበት ሥራ ይህ ነበር። በአሥር ተመራቂ የተዘጋው ትምህርት ቤት ዳግመኛ እስኪከፈት እነሱ አገሩን ከረገጡበት ጊዜ ጀምሮ 48 ዓመት ገደማ ፈጀ፤ አንደኛው መሥራች ሳያየው ሞተ። የሚያስቆጨው ደግሞ ትክክለኛው መድኃኒት እሱ መሆኑ ነው። ፊስቱላ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል እንጂ በቀዶ ሕክምና አይጠፋም። የሚጠፋው ምጡ ሳይረዝም አዋላጅ ስትደርስና መኪና ወደ ሆስፒታል ሲያደርስ ነው። የ2005 አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በኢትዮጵያ ከሚወለዱት ሕፃናት በሰለጠነ ባለሙያ የተወለዱት 6 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 28 ከመቶ ከፍ አለ። በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ የነበረው በ2016 ወደ 412 ወረደ። ይህ የአንድ ኮሌጅ ሥራ አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የመንግሥትና የብዙ ሰው ድካም አለበት። የመንገዱ አቅጣጫ ግን ያው በ1959 የታሰበው ነው።

ዶክተር ካትሪን ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላም ከሆስፒታሉ አልራቁም። የሚኖሩት እዚያው ግቢ፣ ከወንዙ ዳር ካለችው ቤታቸው ነበር። መራመድ ሲከብዳቸውም ሕመምተኞቹ ዘንድ እየሄዱ እጃቸውን ይይዙ ነበር። ማርች 18 ቀን 2020፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ከተገኘ ከአምስት ቀን በኋላ፣ በ96 ዓመታቸው በዚያው ቤት አረፉ፤ አዲስ አበባም ተቀበሩ። እስከዚያ ቀን በእሳቸውና በባልደረቦቻቸው እጅ የታከሙት ሴቶች ከ60,000 በልጠው ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በአንተም በአንቺም መንደር ወይም ዘመድ ውስጥ ከወለደች ጀምሮ ከሰው የተለየች፣ ልብሷ የማይደርቅ፣ ሠርግና ለቅሶ የማትወጣ ሴት ልትኖር ትችላለች። እርግማን አይደለም፤ የሚታከም ጉዳት ነው። ሕክምናው በነፃ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ይሰጣል። ብዙዎቹ የማይመጡት መዳኛ እንዳለ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነውና ንገሯት፤ ከተቻለም አብራችኋት ተሳፈሩ።